የባቲ ቅኝት በጊታር፦ አምስቱ ድምፆች ከጃዝ ስልት ጋር ሲገናኙ

ሰኞ በመጣ ቁጥር ከደጋው የሚወርደው ገበሬና ግመሉን እየነዳ ከአፋር ቆላ የሚመጣው አርብቶ አደር ባቲ ላይ ይገናኛሉ። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኘው ይህች ከተማ ታዲያ በገበያዋ ብቻ አይደለም የምትታወቀው። ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የእርሷን ስም ይዟል፤ ሌሎቹ ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከከሚሴም ሆነ ከባቲ ተነስቶ በጊታር ጃዝ መማር የሚሻ ወጣት ይህን ቅኝት እንደ ተራ ነገር ቢያልፈው፣ ጆሮው አስቀድሞ የሚያውቀውን መነሻ ያጣል።

በጊታር አንገት ላይ ከአንዱ ብረት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው። ጣት ያላረፈበትን ክር 0 ብንለው፣ የባቲ ቅኝት አንደኛው መልክ 0፣ 4፣ 5፣ 7 እና 11 ላይ ይውላል፤ 12 ላይ መነሻው ድምፅ ቀጥኖ ይመለሳል። ሁለተኛው መልክ 0፣ 3፣ 5፣ 7 እና 10 ነው። የብሉዝ ጊታር ጀማሪዎች በየአገሩ የሚለማመዱት እነዚህኑ አምስት ድምፆች ነው፤ ጃዝ ደግሞ ከብሉዝ ብዙ ወርሷል። ክራርና ማሲንቆ በጆሮ የሚቃኙ በመሆናቸው ከጊታሩ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ።

ቢቦፕ እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ እነ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊልስፒ በኒውዮርክ ያሳደጉት ፈጣን የጃዝ ስልት ነው። የቢቦፕ ስኬል በሰባት ድምፆች ላይ አንድ መሸጋገሪያ ይጨምራል። በብዛት የሚሠራበት 0፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 9፣ 10 እና 11 ሲሆን፣ የተጨመረው 11 ነው። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። አራት ምቶች እያንዳንዳቸው ለሁለት ሲከፈሉ ስምንት ቦታ ይገኛል፤ ሰባት ድምፅ ስምንት ቦታ አይሞላም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ከምቱ ይዛነፋል። በስምንቱ ግን 12፣ 11፣ 10፣ 9፣ 7፣ 5፣ 4፣ 2 እየተባለ ሲወረድ ምቱ ላይ የሚያርፉት 12፣ 10፣ 7 እና 4 ናቸው፤ እነርሱም የአጃቢው ኮርድ ድምፆች ናቸው።

አደጋው ያለው ይህን ዘዴ እንዳለ ወደ ባቲ ማምጣቱ ላይ ነው። የባቲ ጠባይ በድምፆቹ መካከል በተተወው ሰፊ ክፍተት ውስጥ ነውና፣ ክፍተቱ በዘፈቀደ ከተሞላ ቅኝቱ ይጠፋል። በቦስተን በርክሊ የተማሩትና እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ኢትዮ ጃዝን የጀመሩት ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ ዜማውን በአምስቱ ድምፆች አቆይተው፣ የጃዝ ኮርድና የላቲን ምት ከሥር አኖሩለት።

ጀማሪም ይህንኑ በአንድ ክር ሊሞክረው ይችላል። ሁለተኛውን የባቲ መልክ ይዞ 12፣ 11፣ 10፣ 9፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4 እያለ ይወርድና በቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ ምት 3 ላይ ያርፋል፤ ከዚያም 2ን ነክቶ 0 ላይ ይቆማል። ምቱ ላይ የሚወድቁት ሁሉ የባቲ ድምፆች ሲሆኑ፣ እንግዶቹ 11፣ 9፣ 6፣ 4 እና 2 በመሀል ያልፋሉ። ማሽላ መሀል ማሾ አሰባጥሮ ለሚዘራ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ዋናው ሰብል ማሽላው እንደሆነ ይቀጥላል። መጀመሪያ አምስቱን ብቻ በእግር ምት እየቆጠሩ በዝግታ መጫወት፣ መሸጋገሪያዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ማስገባት ይበጃል።