የዐፄ ልብነ ድንግል ሥዕል የነበረበት ማዘጋጃ ቤት



ክፍል ውስጥ ስለ ጣልያን ሲነሳ ልጆቻችሁ ቶሎ የሚሉት ዓድዋን ነው፤ ከፍ ያሉት ደግሞ የአምስቱን ዓመት ወረራ ይጨምራሉ። ይሄን ማወቃቸው ግድ ነው። ግን ከዓድዋ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የጣልያን መስፍን የኢትዮጵያን ንጉሥ ሥዕል ቤቱ ሰቅሎ ነበር ስንላቸው አያምኑንም። ቤቱ ዛሬም አለ።

ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ነው፤ ፓላዞ ቬኪዮ ይባላል፣ «አሮጌው ቤተ መንግሥት» ማለት ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1299 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1540 መስፍኑ ኮዚሞ ደ ሜዲቺ ቤተሰቡን ይዞ ገባበት። ዐፄ ልብነ ድንግል ደብረ ዳሞ ላይ ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው። ኮዚሞ በኋላ ክሪስቶፋኖ የሚባል ሠዓሊ ኮሞ ወደምትባል ከተማ ላከ። እዚያ ፓኦሎ ጆቪዮ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ የሰበሰባቸው የታላላቅ ሰዎች ሥዕሎች ነበሩ። ሠዓሊው እያስመሰለ ከሠራቸው አንዱ የእኛው ንጉሥ ነው። መጀመሪያ የተሰቀሉት በዚሁ ቤት፣ ግድግዳው በካርታ በተሞላ ክፍል ውስጥ ነበር።

ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው፤ ሙዚየም ብቻ ግን አይደለም። የከተማው ማዘጋጃ ቤትም እሱው ነው! የከንቲባ ቢሮ እዚያ ነው፣ ምክር ቤቱም እዚያ ይሰበሰባል፣ በማዘጋጃ ቤት የሚጋቡ ሙሽሮችም «ቀዩ ክፍል» በሚባለው ይፈራረማሉ። 54 ሜትር የሚረዝመው ትልቁ አዳራሽ መጀመሪያ የተሠራው ሜዲቺዎች ከከተማው በተባረሩ ጊዜ ለሕዝቡ ሸንጎ ነበር። ኮዚሞ ሲገባ ግን ቫሳሪ በተባለ ሠዓሊ የራሱን ድል አስሳለበት (ሥልጣን እንዲህ ነው)። ዛሬ የከተማው በዓልና ጉባኤ ይደረግበታል።

በዕረፍት ወደዚያ ከሄዳችሁ የታችኛውን ግቢ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። ልጆቹን «ማዘጋጃ ቤት»፣ «ከንቲባ»፣ «ምክር ቤት» የሚሉትን ቃላት እዚያው ቆማችሁ አስጠኗቸው፤ ከደብተር ይልቅ እዚያ ይገባቸዋል። የንጉሡ ሥዕል ግን አጠገቡ ወዳለው ኡፊዚ ሙዚየም ከተዛወረ ቆይቷል፤ ትኬቱም ለብቻ ነው። ሥዕሎቹ ኮሪደሩ ላይ ወደ ጣሪያው ተጠግተው ስለተደረደሩ ሰው ሳያያቸው ያልፋል፣ ስለዚህ ቀና በሉ። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላያቸውም። «ኢትዮጵያዊ ይመስላሉ ወይ?» ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ፤ መልሳቸውን በአማርኛ ጽፈው ቅዳሜ ይዘውልን ይምጡ።