የክሌር ማሟያ ምርጫ፦ ሕግ ያስለወጠው ድምፅና የመራጮቹ ዕጣ

አንድ የምክር ቤት መቀመጫ በሞት፣ በስንብት ወይም በሌላ ምክንያት ክፍት ሲሆን የሚካሄደው የማሟያ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢ ጉዳይ ሆኖ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1828 በአየርላንድ ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው የክሌር አውራጃ የተካሄደው ምርጫ ግን የብሪታንያ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ሲቃወመው የነበረውን ሕግ እንዲያወጣ ያስገደደ ነበር።

አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ቀርቶ በለንደን ፓርላማ ሥር ትተዳደር ነበር። ከሕዝቧ አብዛኛው የካቶሊክ እምነት ተከታይ ቢሆንም፣ የምክር ቤት አባላት የሚፈጽሙት ቃለ መሐላ የካቶሊክን እምነት የሚቃረን በመሆኑ ካቶሊኮች መቀመጫ መያዝ አይችሉም ነበር። መምረጥ ግን ከ1793 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል። በዓመት 40 ሺሊንግ የሚገመት የመሬት ይዞታ ያላቸው ወንዶች ድምፅ ይሰጡ ነበር። ይሁን እንጂ ድምፅ የሚሰጠው በግልጽ ስለነበር ጭሰኛው የባለርስቱን ፈቃድ ተከትሎ መምረጡ የተለመደ ነበር። ይህን የጣሰ ከመሬቱ የመፈናቀል ሥጋት ነበረበት።

የማሟያ ምርጫው መነሻ የክሌር ተወካይ የነበሩት ዊልያም ቬሲ ፊትዝጀራልድ በጠቅላይ ሚኒስትር ዌሊንግተን መንግሥት የንግድ ቦርድ ፕሬዚዳንት ሆነው መሾማቸው ነው። በጊዜው ሕግ መሠረት ሚኒስትር ሆኖ የተሾመ የምክር ቤት አባል መቀመጫውን ለቆ እንደገና መመረጥ ነበረበት። ፊትዝጀራልድ ራሳቸው የካቶሊኮችን የመብት ጥያቄ የሚደግፉ ባለርስት በመሆናቸው መመረጣቸው እንደማያጠራጥር ይታሰብ ነበር።

ካቶሊኩ የሕግ ባለሙያ ዳንኤል ኦኮኔል ለውድድር ሲቀርቡ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ሕጉ ካቶሊክ በምክር ቤት እንዳይቀመጥ እንጂ ዕጩ እንዳይሆን አልከለከለም ነበር። በ1823 የተቋቋመውና በወር 1 ፔኒ በሚዋጣ ገንዘብ የተጠናከረው የካቶሊክ ማኅበር ከቀሳውስት ጋር በመሆን ገበሬዎቹን አስተባበረ። መራጮች ወደ ኤኒስ ከተማ በሥርዓት በመጓዝ ባለርስቶቻቸውን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። በውጤቱም ኦኮኔል 2 ሺህ 57፣ ፊትዝጀራልድ 982 ድምፅ አገኙ።

መንግሥት በመላ አየርላንድ ተመሳሳይ ውጤትና ሁከት እንዳይከተል በመሥጋቱ አቋሙን ለወጠ። ካቶሊኮች የምክር ቤት አባል እንዲሆኑ የሚፈቅደው ሕግም በኤፕሪል 1829 ጸደቀ። ሆኖም ሕጉ ከመጽደቁ በፊት የተመረጡትን የሚመለከት ባለመሆኑ ኦኮኔል በሜይ 1829 በምክር ቤቱ ቀርበው የቀድሞውን መሐላ እንዲፈጽሙ ተጠየቁ። ፈቃደኛ ባለመሆናቸውም መቀመጫው ክፍት ሆኖ፣ በጁላይ ያለ ተቀናቃኝ በድጋሚ ተመረጡ።

ከዚህ ሕግ ጎን ለጎን የወጣው ሌላ ሕግ ግን በአየርላንድ አውራጃዎች ለመምረጥ የሚያስፈልገውን የይዞታ ግምት ከ40 ሺሊንግ፣ ማለትም ከ2 ፓውንድ፣ ወደ 10 ፓውንድ ከፍ አደረገ። በዚህም ከ200 ሺህ በላይ የነበረው የመራጮች ቁጥር ከ40 ሺህ በታች ወረደ። ድሉን ያስገኙት ድሃ ገበሬዎች የመምረጥ መብታቸውን አጡ።

ድምፅ በምሥጢር መስጠት በብሪታንያና በአየርላንድ የተደነገገው በ1872 ሲሆን፣ ተሿሚ ሚኒስትሮች እንደገና እንዲመረጡ የሚያስገድደው ድንጋጌ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1926 ነው። የክሌር ታሪክ እንደሚያመለክተው የአንድ የምርጫ ሕግ ፍትሐዊነት የሚመዘነው ማን መመረጥ እንደሚችል በመደንገጉ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚመርጥና መራጩ ያለ ፍርሃት ድምፁን መስጠት መቻሉም እኩል ክብደት አላቸው።