ሦስት ጥሪዎች በአንድ ማጉያ፦ ምልክቶችን የመደመር ዋጋ



የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ለገጠር ካቀረባቸው ገመድ አልባ ስልኮች መካከል በሲዲኤምኤ የሚሠሩ ይገኙበት ነበር። 3ጂም የዚያው ቤተሰብ ነው። በዚህ ሥርዓት የደንበኞች ምልክቶች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይላካሉ፤ የሚለያዩት በኮድ ነው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል በኮረብታ ላይ የቆመ አንድ ጣቢያ እናስብ። ለበርበሬ ነጋዴ፣ ለገበሬና ለጤና ኬላ ሠራተኛ በአንድ ቅጽበት አንድ አንድ ቢት ይልካል። ኮዶቻቸው በቅደም ተከተል (+1, −1, +1, −1)፣ (+1, +1, −1, −1) እና (+1, −1, −1, +1) ይሁኑ። «1» ሲላክ ኮዱ እንዳለ ይሄዳል፤ «0» ሲላክ ምልክቱ ይገለበጣል። ነጋዴው 1፣ ገበሬው 0፣ ሠራተኛዋ 1 ቢላክላቸው ድምሩ (+1, −3, +1, +1) ይሆናል። እያንዳንዱ ስልክ ይህን በራሱ ኮድ አባዝቶ ሲደምር +4፣ −4፣ +4 ያገኛል። ማንም የሌላውን አይሰማም። በመጀመሪያው የሲዲኤምኤ መስፈርት እንዲህ ያሉት ኮዶች 64 ናቸው።

ችግሩ ያለው በዚያች −3 ላይ ነው። የድምሩ አማካይ ኃይል 3 ሲሆን ጫፉ 9 ይደርሳል። ማጉያው ለጫፉ ተብሎ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከአቅሙ በታች ይሠራል፤ ከሚወስደው ኤሌክትሪክም ብዙው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚቆይ የገጠር ጣቢያ ይህ ብክነት ስልኩ የሚሠራበትን ሰዓት ያሳጥራል።

ሌላው ዘዴ የአብላጫ ድምፅ ነው (ምርጫ አይደለም፤ ሒሳብ ነው)። በየቦታው የሚበዛውን ምልክት ብቻ እንልካለን፦ (+1, −1, +1, +1)። ስልኮቹ +2፣ −2፣ +2 ያነባሉ። ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ድምሩን በዚሁ ማጉያ ልክ ለማሳለፍ በ3 ብናካፍለው የሚነበበው 1.33 ብቻ ነው። ስለዚህ አብላጫው ይበልጣል።

ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም? አራተኛው ኮድ (+1, +1, +1, +1) ለማንም አልተሰጠም። በእርሱ ብናነብ ከድምሩ 0 እናገኛለን፤ ከአብላጫው ግን +2። ያልተላከ ቢት ተሰማ ማለት ነው። አራተኛ ደንበኛ ቢመጣ ደግሞ ድምፁ እኩል የሚከፈልበት ቦታ ሊኖር ይችላል።

ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ለሚልኩ የአዲሱ ትውልድ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ጫፉን አስቀድሞ ማስተካከል ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ደንበኛው በየደቂቃው ለሚለዋወጥበት የስልክ ጣቢያ ግን፣ በእኔ ግምት፣ መደመሩ ይሻላል፤ ከማጉያው በፊት ረጃጅሞቹን ጫፎች በልክ እየቆረጡ ነው እንጂ እንዳሉ እየለቀቁ አይደለም።