የቨርችዋላይዜሽን ሙያ፦ አመጣጡ፣ የሥራ ዘርፎቹና መግቢያ በሩ

ባንክ ገንዘብ ሲያስተላልፍ፣ አየር መንገድ ትኬት ሲቆርጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ሲያሳውቅ ሥራውን የሚያከናውነው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ በእጅ የሚዳሰስ ማሽን አይደለም። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ ከብዙ መሰሎቹ ጋር የሚሠራ፣ በሶፍትዌር የተፈጠረ ቨርችዋል ማሽን ነው። እነዚህን ማሽኖች መፍጠር፣ ማስተዳደርና ከብልሽት መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። በቅርቡ የገጠመው መናወጥም ለጀማሪዎች ትልቅ ትምህርት ይዟል።

አመጣጡ

አይቢኤም በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንዱን ውድ ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚዎች የሚያካፍል ሲስተም ሠራ፤ በ1972 ደግሞ ቪኤም/370 በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ኋላ ሰርቨር ሲረክስ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ አንድ እየገዙ ክፍላቸውን ሞሉት። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ከአቅማቸው ጥቂቱን ብቻ እየሠሩ መብራትና ማቀዝቀዣ ይፈጁ ነበር።

በ1998 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ቪኤምዌር ለዚህ ብክነት መላ አበጀ። መላው አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርችዋል ማሽኖች የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው፤ ይህ ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። በ2003 የወጣው ቪሞሽን የተባለ የቪኤምዌር ቴክኖሎጂ በሥራ ላይ ያለን ማሽን ሳይጠፋ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወር አስቻለ። በዚያው ዓመት ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዜን፣ በ2007 ደግሞ የሊኑክስ አካል የሆነው ኬቪኤም የተባሉ ሃይፐርቫይዘሮች በነፃ ቀረቡ። አማዞን በ2006 በዜን ላይ ተመሥርቶ ቨርችዋል ማሽን በሰዓት ማከራየት ሲጀምር የዛሬው ክላውድ መልክ ያዘ።

የሥራ ዘርፎቹ

ብዙዎች የሚጀምሩት ከተጠቃሚ ድጋፍ ነው። ከዚያ ወደ ሲስተም ወይም ኔትወርክ አስተዳደር፣ ቀጥሎም ወደ ቨርችዋላይዜሽን፣ ስቶሬጅና ባክአፕ ይሻገራሉ። ከዚያ ወዲያ የክላውድ መሐንዲስነት አለ፤ በ2013 ዶከር፣ በ2014 ኩበርኔቲስ ብቅ ካሉ በኋላ ደግሞ ኮንቴነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር የሚያሽግ አሠራር) የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ተፈላጊ ሆነዋል።

በሁሉም ዘርፍ ባለሙያው የሚለካው ችግር ሲፈጠር ነው። «ማሽኑ ቀርፋፋ ሆነ» የሚል ስልክ ሲደወል መንስኤው ዲስኩ፣ ኔትወርኩ፣ ሜሞሪው ወይስ ፕሮሰሰሩ መሆኑን መለየት አለበት። ጀማሪው ለማሽኑ ፕሮሰሰር ይጨምራል። በተጨናነቀ ሰርቨር ላይ ግን ይህ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ብዙ ቨርችዋል ፕሮሰሰር ያለው ማሽን በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ ተራ እስኪደርሰው የበለጠ ይጠብቃልና። ስናፕሾትን (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መዝገብ) ባክአፕ አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ስህተት ነው። ስናፕሾቱ ያለው ከማሽኑ ጋር በአንድ ስቶሬጅ ላይ ከሆነ፣ ስቶሬጁ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

መናወጡ

ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 ጠቅልሎ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመና ደንበኞችን በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ አሻገረ። ወጪ የናረባቸው ድርጅቶች አማራጭ ፍለጋ ወደ ማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ፣ ወደ ኑታኒክስና መሠረቱ ኬቪኤም ወደሆነው የኦስትሪያው ፕሮክስሞክስ ዞሩ። የአንዱን ኩባንያ ስክሪን ብቻ የሸመደደ ባለሙያ ግራ ሲጋባ፣ ከሥር ያለውን ሊኑክስ፣ ኔትወርክና ስቶሬጅ የሚያውቀው ግን መሣሪያውን ለውጦ ሥራውን ቀጠለ።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ዳታ ሴንተር ያስተዳድራሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። የውጭ ላይሰንስ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በነፃ ሶፍትዌር የሚተማመን ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ወጪ ያድናል።

መግቢያ በሩ

ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር ይበቃል። መጀመሪያ ባዮሱ ውስጥ ገብቶ የቨርችዋላይዜሽን ድጋፉ መከፈቱን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ቨርችዋልቦክስ ወይም ፕሮክስሞክስ መጫን ነው። ሁለት ሊኑክስ ማሽኖች ፈጥሮ በኔትወርክ ማገናኘት፣ አንዱን ሆን ብሎ ማበላሸትና ከባክአፕ መመለስ ከብዙ ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የመጫኛ ፋይሎቹን አንዴ አውርዶ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ሰርተፊኬት የቅጥር በር ይከፍታል፤ ክብደቱ ግን እንደ ፈተናው ይለያያል። የሬድ ሃት መነሻ ፈተና ለምሳሌ ምርጫ ጥያቄ የለበትም፤ ተፈታኙ በማሽን ላይ ሠርቶ ያሳያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊኑክስና ኔትወርክ፣ ከዚያ አንድ ሃይፐርቫይዘር፣ ከዚያ ክላውድ ቢሆን ይመረጣል። ገበያው ነገ ሌላ ምርት ቢያመጣ ከዜሮ የሚጀምረው ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ነው።