ተራራ የሚበሳው ባቡር

የምድር ውስጥ ባቡር ሲነሣ የሰው ሐሳብ ወዲያው ለንደን ይሄዳል። ይገባታል፤ እ.ኤ.አ. በ1863 በእንፋሎት ባቡር የጀመረችው እሷ ናት። ቡዳፔስት በ1896፣ ፓሪስ በ1900፣ ኒው ዮርክ በ1904 ተከተሉ። ከአፍሪካ ካይሮ በ1987 ቀደመች።

ከተሞቹን የሚያወዳድሩ ሰዎች ግን ጥልቀትን ማዕረግ ያደርጉታል። «የማን ባቡር የበለጠ ወረደ?» ይላሉ። የለንደኑ መስመር ራሱ ከግማሽ በላዩ ሰማይ እያየ እንደሚሄድ ልብ አይሉም። በጥልቀቱ ስሙ የሚጠራው በኪየቭ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960 የተከፈተው የአርሴናልና ጣቢያ ነው፤ 105 ሜትር። ይህን የሰማ ባቡሩ ወደ ምድር ሆድ የሰመጠ ይመስለዋል። አልሰመጠም። ጣቢያው ያለው ዲኒፕሮ ወንዝን ቁልቁል ከሚያይ ከፍተኛ ኮረብታ ሥር ነው። ባቡሩ ወደ ወንዙ ሲያመራ ከኮረብታው ጎን ብቅ ይላል፤ ቀጣዩ ጣቢያ ከመሬት በላይ ነው። 105 ሜትሩ የኮረብታው ቁመት ነው፤ ባቡሩማ መንገዱን ሳይለቅ ነው የሄደው።

በወሎ ላሉት የሐራና የመርሳ ከተሞች ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. መሥራት ሲጀምር የገጠመው እንዲህ ያለ ተራራ ነው። አዋሽ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር ትበልጣለች። አይሱዙ እያቃሰተ የሚወጣውን ዳገት ባቡር አይሞክረውም፤ ብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቶሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ወይ ተራራውን በሩቁ ይዞራል፣ ወይ ይበሳዋል። የመስመሩ ዋሻዎች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሞስኮ የምድር ውስጥ ባቡር እብነ በረድ ጣቢያዎች ይልቅ እነሱን ያደንቃል።

«ኢትዮጵያ ከመሬት በታች የሚሄድ የከተማ ባቡር የላትም» የሚሉም ቢታረሙ ጥሩ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ወደ አትክልት ተራ ሲወርድ በዋሻ ያልፋል። አጭር ነው፤ ቢሆንም ዋሻ ነው።

የወሎው መስመር ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወሎን ሲያዳርስ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመም። እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት ቢያልፉም መንገደኛ በመደበኛነት አልተሳፈረበትም።