ግሪዝሊ ድብና አዳኙ

የአገራችን ደንና በረሓ አንበሳንና ነብርን፥ ዝሆንንና ጎሽን ሲያኖር ድብ ግን ስለማይገኝበት፥ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ አውሬ ጋር የተዋወቀው በአደን ሜዳ ሳይሆን በቅዱሳት መጻሕፍት ነው፤ ብላቴናው ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ ከአንበሳ ጋር ድብን እንደ ገደለ፥ ነቢዩ ሆሴዕም የእግዚአብሔርን ቍጣ ልጆቿ ከተነጠቁባት ድብ ጋር እንዳመሳሰለ ያላነበበ ጥቂት ነው። በቅድስት አገር ተራሮች ይኖር የነበረው ያ ድብና በሰሜን አሜሪካ ግሪዝሊ ተብሎ የሚጠራው ድብ፥ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት በሚከፋፍሉት ሥርዓት አንድ ወገን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናስተዋውቀው ይህን ግሪዝሊን፥ ይልቁንም አዳኝና ታዳኝ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ የሚገለጠውን ጠባዩን ነው።

በግሪዝሊ ትከሻ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጕብታ የበሬን ሻኛ ቢመስልም፥ መሬት ለመቈፈር የተሰጠው ጽኑ ጡንቻ ነው፤ የፊት እግሮቹ ጥፍሮች እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ስለሚሮጥ፥ ሰው በእግሩ ሊያመልጠው አይችልም። ክረምቱ ሲገባ ከዋሻው ተከቶ ብዙ ወራት ሳይበላና ሳይጠጣ ይተኛል፤ እንስቲቱም ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞሉ ግልገሎቿን በዚያው በዋሻው ውስጥ ወልዳ፥ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አብራቸው ትኖራለች። እንግዲህ ለክረምት ስብ የሚያከማችበትን ምግብና በብዙ ድካም የሚያድጉትን ልጆች ከማንም ጋር ተናንቆ መጠበቅ ለዚህ ፍጥረት የሕይወት ግዴታው ነው።

ስለ ግሪዝሊ በሰፊው የተጻፈው፥ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን የላኳቸው ሻምበል ሜሪዌዘር ልዊስና ጓደኛው ዊልያም ክላርክ የሚዙሪን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ በተጓዙበት ዘመን ነው። የአገሩ ነባር ሰዎች ይህን አውሬ ለመግጠም የሚወጡት ከ6 እስከ 10 ሆነው፥ ለጦርነት እንደሚዘምት ሰው ቀለም ተቀብተውና ሥርዓታቸውን አድርሰው መሆኑን፥ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ሰው አጥተው እንደሚመለሱ ለመንገደኞቹ ነግረዋቸው ነበር። ልዊስ ግን እ.ኤ.አ. በአፕሪል 29 ቀን 1805 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ግሪዝሊ ከአንድ ጓደኛው ጋር በገደለ ጊዜ፥ ቀስት ለያዘ ሰው ያስፈራ ይሆናል እንጂ ለሠለጠነ ተኳሽ የተወራለትን ያህል እንዳልሆነ በዕለት መዝገቡ አሰፈረ።

ይህ አሳብ የቈየው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በሜይ 14 ቀን ከጉዞው ሰዎች ስድስት ጎበዝ አዳኞች በሜዳ ላይ የተኛ ድብ አይተው፥ ተከልለው እስከ 40 እርምጃ ቀረቡና አራቱ ባንድነት ሲተኵሱ ሁለቱ ግን ጥይታቸውን ለክፉ ጊዜ አቈዩ። አራቱም አረሮች አገኙት፥ ሁለቱ ሳንባውን በስተው አለፉ፤ ድቡ ግን አፉን ከፍቶ ወደ እነርሱ ገሠገሠ። የቀሩት ሁለቱ ተኵሰው አንደኛው ትከሻውን ቢሰብረውም ለጥቂት አዘገየው እንጂ አላቆመውም፤ በመጨረሻም ሁለት ሰዎች ጠመንጃቸውን ጥለው 6 ሜትር ከሚያህል ገደል ወደ ወንዙ ሲዘሉ፥ አውሬው ተከትሎ ዘለለ፤ አንደኛውን ሊይዘው ጥቂት ሲቀረው ከዳር የነበረ ጓደኛቸው ራሱን መትቶ ገደለው። በተገፈፈም ጊዜ ስምንት አረሮች በልዩ ልዩ አቅጣጫ አልፈውበት ተገኙ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በጁን 14 ቀን ልዊስ ለብቻው ሳለ ያገኘው ፈተና ነው። በዛሬዋ ሞንታና ውስጥ፥ ግሬት ፎልስ በሚባሉት ፏፏቴዎች አጠገብ፥ ባይሰን ከሚባሉት የአሜሪካ ጎሾች አንዱን መትቶ፥ ደሙ በአፍና በአፍንጫው ሲወርድ እስኪወድቅ ትክ ብሎ ሲመለከት፥ ጠመንጃውን መልሶ ማጕረሱን ዘነጋ። በዚህ መካከል ሾልኮ የመጣውን ድብ ባየ ጊዜ በመካከላቸው የቀረው 20 እርምጃ ብቻ ነበር። ሊተኵስ ጠመንጃውን አነሣ፤ ወዲያውም ባዶ መሆኑ ትዝ አለው። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ባሩዱና አረሩ በአፈ ሙዙ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ ስለ ነበረ፥ ቆሞ ለማጕረስ ፋታ አልነበረም። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ቅርብ የተባለውም ዛፍ 270 ሜትር ያህል ይርቃል። ፈጠን ብሎ ወደዚያ ሲያመራ ድቡ አፉን ከፍቶ በሙሉ ሩጫ ተነሣበት። ልዊስ 70 ሜትር ያህል ሮጦ እንደሚደረስበት ባወቀ ጊዜ፥ እርሱ በእግሩ ሊቆምበት ድቡ ግን ሊዋኝበት ወደሚገደድበት የወንዙ ጥልቀት መግባትን አሰበ፤ ውኃው ወገቡ ላይ ሲደርስም ዘወር ብሎ በእጁ የነበረውን ጦር ቀሰረ። ድቡ ከውኃው አፍ ደርሶ፥ 6 ሜትር ያህል ሲቀረው፥ ድንገት ዞሮ ሸሸ። ልዊስ የሸሸበትን ምክንያት ሊረዳው አልቻለም፤ ነገር ግን ጠመንጃውን አጕርሶ፥ ከእንግዲህ ያለ ግድ ባዶውን እንዳይተወው ቈረጠ።

ግሪዝሊ በአብዛኛው ሰውን የሚያጠቃው ሊበላው ፈልጎ አይደለም፤ ድንገት ሲደርሱበት፥ ወደ ግልገሎቹ ወይም ወደ ግዳዩ ሲጠጉ ግን ይነሣል። በኋላ እግሮቹ መቆሙ ለማየትና ለማሽተት ነው፤ በሙሉ ሩጫ መጥቶ ከአጠገብ የሚመለስበት የማስፈራሪያ ሩጫም አለው፤ ችግሩ ማስፈራሪያው ከእውነተኛው የሚለየው በመጨረሻዋ ቅጽበት መሆኑ ነው። ሲቈስል ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ ልቡ ወይም ሳንባው የተመታ አውሬ እንኳ አእምሮውና ጡንቻው በቀረለት ደም ለጥቂት ጊዜ ስለሚሠሩ፥ ያ ጥቂት ጊዜ አዳኙ ዘንድ ለመድረስ ሊበቃው ይችላል።

የጠመንጃ ብርታት እያደገ ሲሄድ አደጋው ወደ ድቡ ወገን ዞረ፤ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር በተቀሩት የአሜሪካ ግዛቶች አስቀድሞ 50,000 ያህል ይገመት የነበረው ግሪዝሊ እጅግ ስለ ተመናመነ፥ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በሕግ ጥበቃ ሥር ዋለ። አደኑ በሚፈቀድበት በአላስካ ከሌላ ግዛት የሚመጣ አሜሪካዊ፥ በዚያ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ካላጀበው በቀር፥ ፈቃድ ያለውን መሪ አዳኝ ማስከተል ግዴታው ነው። በድብ አገር የሚመላለስ መንገደኛም ከሚያቃጥል በርበሬ የተዘጋጀ፥ ከቆርቆሮ በግፊት የሚረጭ መከላከያ በወገቡ ይታጠቃል።

በአዳኝ ዘንድ እጅግ አስፈሪው ሰዓት የቈሰለው ድብ ወደ ጥሻ ከገባ በኋላ ያለው ነው፤ ሆኖም ያን ጊዜ ተከትሎ ሥራውን መፈጸም እንጂ ጥሎ መሄድ አይገባውም፤ የቈሰለን አውሬ በጫካ መተው ፍጥረቱን በሥቃይ፥ በኋላ የሚያልፈውንም ንጹሕ መንገደኛ በሞት አፋፍ ማቆም ነውና። ስለዚህ እውነተኛው ጀግንነት ከምላጩ በፊት ይጀምራል፤ ርቀቱንና ነፋሱን መርምሮ፥ ባንድ ጥይት እንደሚጥለው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አለመተኰሱ ፍርሃት ተብሎ ሊነቀፍበት አይገባም፤ የአደን ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ትዕግሥት ነውና።