ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም

ለእንቁጣጣሽ በየስልኩ «አደይ አበባ» እየተባለ የሚላከውን ፎቶ ልብ ብሎ ላየ፣ ብዙው አደይ አይደለም። አንዳንዱ መጭ ነው፤ አንዳንዱማ ገበሬ ለዘይት የዘራው ኑግ። ክረምቱ ሲወጣ ሦስቱም በአንድ ማሳ ዳር ቢጫ ለብሰው ስለሚቆሙ መሳሳቱ አያስገርምም። መልካበባ መቁጠርም አያዋጣም፤ በሦስቱም ላይ ብዙ ጊዜ ስምንት ገደማ ነው።

የሚያዋጣው አበባውን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። በአደይ ጀርባ ሁለት ዓይነት ሽፋን ተደርቦ ይታያል፤ የውጭዎቹ ጠበብ ያሉ አረንጓዴ ናቸው፣ የውስጦቹ ደግሞ ስስና ወደ ቡናማ የሚያደሉ። በመጭና በኑግ ጀርባ ግን ቅጠል የሚመስሉ አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ሽፋኖች አበባውን እንደ መዳፍ ደግፈው ይዘውታል። ይህ ካላረካ ወደ ታች ወረድ ብሎ ቅጠሉን መመልከት ነው። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭና የኑግ ቅጠል ደግሞ አይከፈልም፤ ጠርዙ ብቻ ጥርስ ያወጣል፣ ሥሩም ግንዱን አቅፎ ይቀመጣል። መጭ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። መጭንና ኑግን እርስ በርስ መለየት ከዚህ ይከብዳል፤ ኑግ ራሱ ከዱር መጭ ተላምዶ የተገኘ ሰብል እንደሆነ ነው ተመራማሪዎች የሚያምኑት።

ነገሩ የሚወሳሰበው እውነተኛው አደይ እጃችን ከገባ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አደይ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ፣ ባይደንስ ፓኪሎማ የሚባሉ፣ ከአንዱ የባይደንስ ወገን የሆኑ ዘመዳሞች አሉ፤ በመንገድ ዳር ለሚያልፍ ሰው ሁሉም አደይ ናቸው። በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 ዐድዋ ላይ እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር፣ ያደረቃቸውን ናሙናዎች ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ስም የሚያወጡላቸው ተክሉን በቆመበት ያላዩ ሊቃውንት ነበሩና ስሙ ሲበዛና ሲደበላለቅ ቆየ። ይህን የተወሳሰበ ነገር ቁጭ ብሎ የፈታው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ነው፤ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ባይደንሶች የጻፈው ጥናት በ1984 ኡፕሳላ ላይ ታተመ። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ባዘጋጁት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍም በ2004 የወጣው የእነ አደይ ቤተሰብ ክፍል የእርሱ ሥራ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ዘመዳሞች ከሚያለያዩት ነገሮች ዋነኛው ፍሬው ነው። ልብስ ላይ ተጣብቆ የሚያስመርረው የሰይጣን መርፌም ባይደንስ ነው፤ የእርሱ ፍሬ ቀጭን ሆኖ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እሾህ አለው። የማክሮፕቴራ ፍሬ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ግራና ቀኙም ሰፊ ክንፍ አለው። የፓኪሎማ ደግሞ ጠርዙ ወፈር ይላል። ችግሩ ይህ ሁሉ የሚታየው መስቀል ካለፈ፣ ቢጫው ከረገፈና ተክሉን ዞሮ የሚያየው ሰው ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው። ዓይን የሚስበው አበባ ስለ ዝርያው ብዙም አይናገርም፤ የሚናገረው ደረቁ ፍሬ ነው።

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ከፍታ ለሚወጣ ሰው አደይ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቢጫው ግን አይቀርም። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባለው ሣር ላይ ግንድ የሌለው፣ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ቢጫ አበባ ይገኛል፤ ሃፕሎካርፋ ሩፔሊ ይባላል። ቅጠሉን ቀና ሲያደርጉት ከሥሩ ነጭ ነው፤ በዚያ ብቻ ይታወቃል። ቁጥቋጦ ሆኖ ቅጠሉ እንደ ጥድ መርፌ የቀጠነው ሌላው ቢጫ ደግሞ ዩርዮፕስ ፒኒፎሊየስ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም።

ፎቶ የሚያነሳ ሰው የአበባውን ፊት ብቻ አንስቶ «ይህ ምንድን ነው?» ቢል፣ ሊቅም ቢሆን በእርግጠኝነት ሊመልስለት አይችልም። ጀርባውንም፣ ቅጠሉንም፣ ተክሉ የቆመበትን ቦታም ማንሳት ነው። ለዚህ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ግንዱን በሁለት ጣት ዘንበል ማድረግ ይበቃል። በጥቅምት በዚያው የሚያልፍ ካለ ደግሞ ፍሬውን ያንሳ።